ሁሉንም ሥር በአንዴ፦ የፖሊኖሚያል ፕሮግራም የሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ

የምሠራው ነገር ሲነገር አጭር ነው። የፖሊኖሚያል ኮፊሸንቶችን (የፓወሮቹን አባዥ ቁጥሮች) ተቀብሎ ሥሮቹን፣ ማለትም ፖሊኖሚያሉን ዜሮ የሚያደርጉትን ቁጥሮች፣ በሙሉ የሚያወጣ ትንሽ የፓይተን ፕሮግራም። ሪሉንም፣ ኮምፕሌክሱንም። ከእያንዳንዱ ሥር ጎን ደግሞ «እስከዚህ አሃዝ ድረስ እመኑኝ» የሚል መጠን እንዲያስቀምጥ እፈልጋለሁ። ዋናው ጉዳዬ ይሄ ሁለተኛው ነው። ሥር የሚያወጣ አፕ ሞልቷል። ያወጣው ቁጥር ምን ያህል እንደሚታመን የሚናገረው ግን ጥቂት ነው።

ሥራውን ያስጀመረችኝ የጎረቤታችን ልጅ ናት። የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። ዲስክሪሚናንቱ (በኳድራቲክ ቀመር ውስጥ ስኩዌር ሩት የሚወጣለት ቁጥር) ኔጌቲቭ ሲመጣባት «ሪል ሥር የለውም» ብላ ጽፋ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ትሄዳለች። መልሱ ትክክል ነው። ግን እኩልዮሹ ሥር አላጣም። ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1799 ለዶክትሬት ባቀረበው ጽሑፍ የተከራከረለት ሐሳብ ይሄ ነው፦ ዲግሪው (ትልቁ ፓወሩ) 2 የሆነ ፖሊኖሚያል 2 ሥር አለው፣ ዲግሪው 20 የሆነ 20 ሥር አለው። ኮምፕሌክሶቹ ይቆጠራሉ፣ የተደጋገመውም በድግግሞሹ ልክ ይቆጠራል። የኔ ፕሮግራም ያንን ቁጥር ሳያሟላ እንዲያቆም አልፈልግም።

ለአጻጻፍ እንዲመች ያልታወቀውን ቁጥር «ሀ» እለዋለሁ። ስኩዌሩ −1 የሚሆነውን ቁጥር ደግሞ «ኢ»። ሪል ቁጥሮች በአንድ መስመር ላይ ይደረደራሉ፤ ኢ ያለባቸው ኮምፕሌክሶች ከዚያ መስመር በላይና በታች ያሉ ነጥቦች ናቸው።

ቅዳሜ ማታ

በኳድራቲክ ጀመርኩ። ቀመሩን ሁሉም ሰው በቃሉ ያውቀዋል። ለ ሀ² + 2ሀ + 5 = 0 ወዲያውኑ −1 + 2ኢ እና −1 − 2ኢ ይወጣሉ። እዚህ ምንም ችግር የለም።

ችግር ያለው ሌላ ቦታ ነው። ይሄን ሞክሩት፦ ሀ² − 100000000ሀ + 1 = 0። ሁለቱ ሥሮች ከ100000000 እና ከ0.00000001 ጋር አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። ቀመሩን እንዳለ ለኮምፒውተር ስትሰጡት ትልቁ በትክክል ይመጣል። ትንሹ ግን 0.00000000745 ሆኖ ይወጣል። ሩቡ ጠፋ! ምክንያቱ ኮምፒውተሩ በአንድ ቁጥር ውስጥ የሚይዘው 16 አሃዝ ገደማ ብቻ መሆኑ ነው። ሁለት እኩል ለመሆን ምንም ያልቀራቸው ትልልቅ ቁጥሮች ሲቀናነሱ የፊቶቹ አሃዞች ይጣፋሉ። የሚተርፈው በማጠጋጋት የተበላሸው ጫፍ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። የሁለቱ ሥሮች ብዜት የመጨረሻው ኮፊሸንት ለመጀመሪያው ሲካፈል የሚገኘው ነው። ስለዚህ መቀናነስ የሌለበትን ትልቁን ሥር አስቀድሜ አወጣለሁ። ትንሹን በማካፈል አገኘዋለሁ። አሁን 0.00000001 በትክክል ይመጣል። በዲግሪ 2 እንዲህ ከሆነ በዲግሪ 20 ምን ሊመጣ እንደሚችል እያሰብኩ ነው የተኛሁት።

እሑድ

ዛሬ ሦስተኛ ዲግሪ። ካርዳኖ እ.ኤ.አ. በ1545 ያሳተመው ቀመር አለ። ፕሮግራሜ ውስጥ ልጠቀምበት ወይስ ልተወው የሚለውን ለመወሰን በአንድ ታዋቂ ምሳሌ ፈተንኩት፦ ሀ³ = 15ሀ + 4።

4 ሥር መሆኑ በእጅም ይታያል፤ 64 ከ60 + 4 ጋር እኩል ነው። ቀመሩ ግን ወደ 4 የሚወስደው በሚገርም መንገድ ነው። መጀመሪያ የ−121ን ስኩዌር ሩት እንድታወጡ ያደርጋል። ከዚያ የ2 + 11ኢ እና የ2 − 11ኢ ኪዩብ ሩት ተፈልጎ ይደመራል። ለብዙ ሰው እዚህ ጋ ነገሩ የሞተ ይመስል ነበር። ራፋኤል ቦምቤሊ የሚባል የቦሎኛ ሰው ግን እ.ኤ.አ. በ1572 ባሳተመው የአልጀብራ መጽሐፍ አልተወውም። ሙያው መሐንዲስነት ነበር፤ ረግረግ የማድረቅ ሥራ ላይ የተሰማራ ሰው። የ2 + ኢ ኪዩብ 2 + 11ኢ መሆኑን አሳየ። የ2 − ኢ ደግሞ 2 − 11ኢ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ኢ ተጣፍቶ 4 ይቀራል።

ይሄን ሁልጊዜ ሳየው ደስ ይለኛል። መነሻው ሪል፣ መድረሻው ሪል፣ መንገዱ ግን ኮምፕሌክስ። የቀሩት ሁለት ሥሮችም ሪል ናቸው፦ −0.2679 እና −3.7321። ሦስቱም ሪል ሆነው ቀመሩ በኮምፕሌክስ ሳያልፍ አይደርስባቸውም።

ለፕሮግራም ግን አይመችም። አንድ ቁጥር ሦስት ኪዩብ ሩት አለው። ከግራ ሦስት፣ ከቀኝ ሦስት አማራጭ አለ። የሚጣመሩት ብዜታቸው 5 የሚሆኑት ብቻ ናቸው፤ ሌላ ጥምረት ከወሰዳችሁ ሥር ያልሆነ ቁጥር ይወጣል። ማጠጋጋት ሲገባበት ይባስ ይቸግራል። ለአራተኛ ዲግሪ የፌራሪ ቀመር አለ፣ እሱ ይረዝማል። ለአምስተኛው ደግሞ አጠቃላይ ቀመር የሚባል ነገር የለም። ሩፊኒ ጀምሮት አቤል እ.ኤ.አ. በ1824 ያረጋገጠው ነው። መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛት፣ ማካፈልና ሩት ማውጣት ብቻ ተጠቅሞ ሁሉንም የሚፈታ ቀመር ሊኖር አይችልም። ስለዚህ ቀመር ይቅር አልኩ። ከዲግሪ 3 ጀምሮ እየተጠጋጋ በሚሄድ ዘዴ ነው የምሠራው።

ሰኞ ማታ

በመጀመሪያ ፖሊኖሚያሉን ራሱን ማስላት። ለዚህ የሆርነር ዘዴ አለ፦ ከትልቁ ኮፊሸንት ጀምር፣ በሀ አባዛ፣ ቀጣዩን ደምር፣ ድገመው። ሀ³ − 2ሀ − 5 በ2 ሲሰላ 1፣ 2፣ 2፣ −1 እያለ ይሄዳል። መልሱ −1 ነው። ፓወር ማውጣት አያስፈልግም።

ይሄን እኩልዮሽ ዝም ብዬ አልመረጥኩትም። ኒውተን ራሱ ዘዴውን፣ ከአንድ ግምት ተነስቶ ግምቱን ደጋግሞ እያረመ ወደ ሥሩ የሚጠጋውን፣ ያሳየበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1669 ጻፈው፣ ዋሊስ በ1685 አሳተመው። ዛሬ የምናውቀውን ቀለል ያለ መልክ የያዘው ግን በራፍሰን እጅ ነው፣ በ1690። ከ2 ሲነሳ ቀጣዩ 2.1 ነው። ከዚያ 2.094568። ከዚያ 2.094551482። በሦስት እርምጃ እዚህ መድረስ የሚያስደንቅ ነው። ሥሩ ሲቃረብ ትክክለኛ አሃዞቹ በየእርምጃው እጥፍ ያህል ይሆናሉ።

ግን ለኔ ሥራ ብቻውን አይበቃም። አንደኛ፣ ከሪል ቁጥር ከተነሳ ከሪል መስመር አይወጣም። ኮፊሸንቶቹ ሪል፣ መነሻው ሪል፣ ስሌቱ መደመርና ማካፈል፤ ኢ ከየት ይምጣ? ሁለተኛ፣ አንዳንዴ ይሽከረከራል። ሀ³ − 2ሀ + 2 ላይ ከ0 አስነሡት። ወደ 1 ይሄዳል። ከ1 ወደ 0 ይመለሳል። ለዘላለም 0፣ 1፣ 0፣ 1። ሪል ሥሩ −1.7693 ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ ኒውተን አይደርስበትም።

ሦስተኛው ምክንያት ነው ይበልጥ ያስወሰነኝ። አንድ ሥር አግኝቶ፣ ፖሊኖሚያሉን በእሱ አካፍሎ፣ በተረፈው ላይ ሌላ ሥር መፈለግ የተለመደ ነው። የመጀመሪያው ሥር ግን ትንሽ ስህተት አለው። ያ ስህተት በማካፈል ወደ አዲሶቹ ኮፊሸንቶች ይገባል። የፎቶኮፒ ፎቶኮፒ እንደማንሳት ነው፤ እየቆየ ይደበዝዛል። ሁልጊዜ ዋናው ላይ የሚሠራ ዘዴ ነው የምፈልገው።

ረቡዕ

ያ ዘዴ አለ፣ ዱራንድ–ከርነር ይባላል። ቫየርሽትራስ እ.ኤ.አ. በ1891 አስቀድሞ ተጠቅሞበታል። ዱራንድ በ1960፣ ከርነር በ1966 ለየብቻ ደረሱበት። ሐሳቡ ደስ ይላል። ሥሮቹን አንድ በአንድ አትፈልጋቸውም። ዲግሪው 5 ከሆነ 5 ግምት በአንዴ ትይዛለህ። እያንዳንዱን ግምት የምታርምበት መጠን እንዲህ ነው፦ ፖሊኖሚያሉ በግምቱ ላይ ያለው ዋጋ፣ ግምቱ ከሌሎቹ ግምቶች ጋር ላለው ልዩነቶች ብዜት ሲካፈል። (የመጀመሪያው ኮፊሸንት 1 እንዲሆን አስቀድሞ ይካፈላል።) ሁለት ግምቶች ወደ አንድ ሥር ሲሽቀዳደሙ አካፋዩ እያነሰ ስለሚሄድ እርማቱ ይበረታል፣ ይገፋፋሉ። እያንዳንዱ የራሱን ሥር ይይዛል።

መነሻ ግምቶቹ የ0.4 + 0.9ኢ ፓወሮች ናቸው፦ 1፣ 0.4 + 0.9ኢ፣ −0.65 + 0.72ኢ፣ እያለ ይቀጥላል። ብዙ ሰው የሚጠቀመው ይሄንኑ ነው። በቁጥሩ ምንም ልዩ ነገር የለም። አስፈላጊው ግምቶቹ በሙሉ ሪል መስመር ላይ ብቻ እንዳይቀሩ ነው። አለዚያ የሰኞው ችግር ይመለሳል። ሥሮቹ ሩቅ ሊሆኑ ስለሚችሉ ግምቶቹን በኮሺ ገደብ አሰፋኋቸው፦ መሪው ኮፊሸንት 1 ሲሆን፣ ከሌሎቹ በፍጹም ዋጋ ትልቁን ወስደህ 1 ትደምርበታለህ። ለኒውተን እኩልዮሽ 6 ነው። ሁሉም ሥሮች በዚያ ክብ ውስጥ ናቸው።

የመጀመሪያ ፈተና፦ ሀ³ − 3ሀ² + 3ሀ − 5። ይሄ ሌላ ሳይሆን የሀ − 1 ኪዩብ ከ4 ጋር እኩል ሲሆን ነው፣ ስለዚህ መልሱን በእጅ አውቀዋለሁ። ፕሮግራሙ 2.5874፣ 0.2063 + 1.3747ኢ፣ 0.2063 − 1.3747ኢ አለ። ልክ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ኮድ ለሚጽፍ ሰው በጣም ጠቃሚ ስለሆነ። በዚህ ዘዴ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ የግምቶቹ ድምር ከእውነተኞቹ ሥሮች ድምር ጋር እኩል ይሆናል። ግምቶቹ ገና የትም ሳይደርሱ! እዚህ ምሳሌ ላይ ድምሩ 3 ነው። አንድ ዙር ሠርቶ ድምሩ 3 ካልመጣ ኮዱ ውስጥ ሳንካ አለ ማለት ነው። ሁሉም ግምቶች በአሮጌዎቹ ዋጋዎች ሲታረሙ ነው ይሄ የሚሠራው። ከዚህ የተሻለ ርካሽ ፍተሻ አላየሁም። ኮዱ ውስጥ እንዲቀር አደረግኩት።

ሐሙስ

የኒውተንን እኩልዮሽ ሰጠሁት። 2.0945514815፣ ከዚያ −1.0472757408 ± 1.1359398891ኢ። ሀ⁵ − ሀ − 1ንም ሰጠሁት፣ ቀመር የማይፈታውን። 1.1673፣ 0.1812 ± 1.0840ኢ፣ −0.7649 ± 0.3525ኢ። አቤል የዘጋው በር ቀመርን እንጂ ቁጥሩን አይከለክልም።

ማታ ተማሪዋ መጥታ ስክሪኑን አየች። ሪል የሆነው ሥር ከጎኑ እንደ 0.00000000000000001ኢ ያለች ጭራ ነበረችው።

«ጋሼ፣ ይሄኛው ሪል ነው ኮምፕሌክስ?» አለችኝ።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ብዙ ፕሮግራም «ጭራዋ ከዚህ ካነሰች ሪል በለው» የሚል መስመር ያስቀምጣል። መስመሩ ግን በዘፈቀደ የተመረጠ ነው። በእውነት ወደ ሪል መስመር በጣም የተጠጉ ሁለት ኮምፕሌክስ ሥሮች ሊኖሩ ይችላሉ።

ከእሷ ጋር ሆነን መጀመሪያ በዴካርት የምልክት ሕግ አየነው። ሀ³ − 2ሀ − 5 ላይ ምልክቶቹ ፕላስ፣ ማይነስ፣ ማይነስ ናቸው። አንድ ጊዜ ይለወጣሉ፣ ስለዚህ አንድ ፖዘቲቭ ሪል ሥር በእርግጠኝነት አለ። በሀ ፈንታ −ሀ ስናስገባ ሁለት ለውጥ አለ፤ ኔጌቲቭ ሥሮቹ 2 ወይም 0 ናቸው። ከውጤታችን ጋር ይስማማል። ግን «2 ወይም 0» ለፕሮግራም አይበቃም።

የተሻለው መንገድ ክብ መሣል ነው። በእያንዳንዱ ግምት ዙሪያ፣ ራዲየሱ የእርማቱ መጠን በዲግሪው ሲባዛ የሚገኘው የሆነ ክብ አድርጉ። ሥሮቹ ሁሉ በእነዚህ ክቦች ውስጥ ናቸው። አንድ ክብ ከሌሎቹ ተነጥሎ ከቆመ በውስጡ ያለው አንድ ሥር ብቻ ነው። ይሄ የተረጋገጠ ቲዎረም ነው። አሁን ኮፊሸንቶቹ ሪል ከሆኑ ኮምፕሌክስ ሥሮች በጥንድ ይመጣሉ፣ አንዱ ከሪል መስመር በላይ፣ መንታው በታች። የተነጠለው ክብ ሪል መስመሩን መሀሉ ላይ አድርጎ ከያዘ፣ ሥሩ ኮምፕሌክስ ቢሆን ኖሮ መንታውም እዚያው ክብ ውስጥ በሆነ ነበር። አንድ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ሪል ነው፣ ጭራዋ የማጠጋጋት ትርፍ ናት።

ልጅቷ ወረቀት ላይ ክቡን ደጋግማ ሣለችው። «እርግጠኛ መሆን ይቻላል ማለት ነው» አለች። አዎ፣ እዚህ ጋ ይቻላል። ክቦቹ ራሳቸው ደግሞ የምፈልገውን ሁለተኛ ነገር ሰጡኝ። ራዲየሱ «እስከዚህ አሃዝ እመኑኝ» የሚለው ነው። ሆርነር ሲሰላ የሚገባውን የማጠጋጋት ስህተትም ራዲየሱ ላይ ደመርኩበት።

ቅዳሜ

የተደጋገመ ሥር። ሀ³ − 3ሀ² + 3ሀ − 1፣ ሦስቱም ሥሮቹ 1። እዚህ ዘዴው ይዘገያል። አሃዞቹ እጥፍ እጥፍ አይሆኑም፣ ዝግ ብለው ነው የሚጠሩት። መጨረሻ ላይም ግምቶቹ 1ን ከበው 0.00001 ገደማ ርቀት ላይ ይቆማሉ። የኮዱ ድክመት አይደለም። 16 አሃዝ ይዘህ ሦስት ጊዜ የተደጋገመ ሥር ስትፈልግ የምታገኘው ከዚያ ሲሶ ያህሉን ነው። ሁለት ጊዜ ለተደጋገመ ግማሹን።

ክቦቹ ተደራረቡ። ፕሮግራሙ አሁን «እዚህ አካባቢ ሦስት ሥሮች በአንድ ላይ አሉ» ይላል እንጂ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች አስመስሎ አያቀርብም።

እሑድ

ዊልኪንሰን። ይሄን ቀን ከመጀመሪያው እየጠበቅሁት ነበር።

ጄምስ ዊልኪንሰን እንግሊዛዊ የቁጥር ስሌት ሊቅ ነው። ቱሪንግ ከነደፈው ማሽን በወጣችው ፓይለት ኤስ ኮምፒውተር ላይ ሠርቷል። ፈተናው ሲታይ የዋህ ነው። ሥሮቹ 1፣ 2፣ 3፣ እያሉ እስከ 20 የሆኑ ፖሊኖሚያል። ሥሮቹ ሪል ናቸው፣ የተራራቁ ናቸው፣ የተደጋገመ የለም። አባዝታችሁ ስትዘረጉት የመጨረሻው ኮፊሸንት 2432902008176640000 ይሆናል። የሀ¹⁹ ኮፊሸንት −210 ነው።

በተለመደው 16 አሃዝ አስኬድኩት። የ1 ክብ በጣም ጠባብ ነው፣ እዚያ ቢያንስ አንድ ሥር እንዳለ በሙሉ ልብ ይናገራል። የ16 አካባቢው ክብ ግን ራዲየሱ ከ20 አለፈ። ሁሉንም ዋጠ። ፕሮግራሙ «በዚህ አሃዝ ብዛት ሥሮቹን መለየት አልችልም» አለ። በዚህ ኮራሁበት፤ ዝም ብሎ 20 ቆንጆ ቁጥር ከመደርደር ይሄ ይሻላል።

አሃዙን ወደ 50 አሳደግሁት። ፓይተን ላይ ኤምፒማዝ የሚባለው ላይብረሪ ይሄን ያደርጋል፤ የራሱ የፖሊኖሚያል ሥር ፈላጊም በዱራንድ–ከርነር ነው የሚሠራው። አሁን ክቦቹ ነጥብ ሆኑ። 1፣ 2፣ 3፣ እስከ 20፣ ሁሉም ሪል።

ከዚያ ዊልኪንሰን ያደረገውን አደረግሁ። ከ−210 ላይ የ2ን 23ኛ ፓወር ግልባጭ፣ ማለትም ወደ 0.00000012 ገደማ ቀነስሁ። ሌላውን አልነካሁም። አሃዙ 50 እንደሆነ ነው።

ከ1 እስከ 7 ያሉት አልተነቃነቁም ማለት ይቻላል። 8 ወደ 8.007፣ 9 ወደ 8.917 ሄዱ። 20 ወደ 20.847 ዘለለ። ከ10 እስከ 19 የነበሩት አሥር ሪል ሥሮች ግን ጠፉ። በቦታቸው አምስት ኮምፕሌክስ ጥንዶች መጡ። አንዱ ጥንድ 16.731 ± 2.813ኢ ነው። 2.8! ከነጥብ በኋላ ስድስት ዜሮ ባላት ለውጥ።

ለምን እንደሆነ በእጅ ማየት ይቻላል። አንድ ሥር ለዚያ ኮፊሸንት ያለው ስሜት (ኮፊሸንቱ ትንሽ ሲለወጥ ሥሩ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ)፣ ሥሩ ወደ 19ኛ ፓወር ከፍ ብሎ ከሌሎቹ ሥሮች ጋር ባለው ልዩነቶች ብዜት ሲካፈል ነው። ለ1 ከምንም የማይቆጠር ነው፦ 1 ለ19 ፋክቶሪያል (ከ1 እስከ 19 ያሉት ቁጥሮች ብዜት) ሲካፈል። ለ16 ወደ 2400000000 ይጠጋል። ለውጡን በዚህ አባዙት።

እዚህ ላይ ያሉት ክቦች ጠባብ ናቸው፣ ስሌቱ ትክክል ነው። ለተሰጠው ፖሊኖሚያል እነዚህ እውነተኛ ሥሮች ናቸው። ችግሩ ኮዱም፣ የአሃዙ ብዛትም አይደለም። ኮፊሸንቱ ከላብራቶሪ ሚዛን ወይም ከተጠጋጋ ሠንጠረዥ የመጣ ቢሆን 50 አሃዝ ምንም አያድንም፤ ሥሩ ሪል ነው ወይስ ኮምፕሌክስ የሚለውን እንኳን መመለስ አይቻልም። ስለዚህ አሃዙን ከማብዛት አስቀድሞ ስሜቱን መለካት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ማክሰኞ

አንድ አምድ ጨመርሁ። ከእያንዳንዱ ሥር ጎን አሁን ሁለት መጠን አለ፦ የክቡ ራዲየስ እና ስሜቱ። የመጀመሪያው ስለ ስሌቱ ይናገራል፣ ሁለተኛው ስለ ጥያቄው። ተጠቃሚው ኮፊሸንቶቹ ምን ያህል ትክክል እንደሆኑ መናገር ይችላል፤ «ሙሉ ቁጥር ናቸው» ወይም «እስከ አራተኛው አሃዝ» ብሎ። ፕሮግራሙ ያንን ከስሜቱ ጋር አባዝቶ መልሱን እዚያው ይቆርጠዋል።

የቀረው ሁለት ነገር ነው። ዱራንድ–ከርነርን በኤርሊክ–አበርት ዘዴ መተካት እፈልጋለሁ፤ ኒውተንን ከግምቶች መገፋፋት ጋር የሚያዋህድ ነው፣ አሃዞቹ በየዙሩ በሦስት እጥፍ ያድጋሉ። ሌላው የመልእክቶቹ ቋንቋ ነው። ልጅቷ ሁሉም በአማርኛ ይሁን ብላለች። «ሪል ሥር የለውም» የሚለውን መስመር አውጥተን «ሁለቱም ሥሮች ኮምፕሌክስ ናቸው፦» በሚል ተክተነዋል፣ ከሁለት ነጥቡ ቀጥሎ ቁጥሮቹ ይመጣሉ። ቀሪዎቹን መልእክቶች ከፈተና በኋላ እንጨርሳቸዋለን።